ብርድ የሚያመርት ማሽን ዘይቱ ለምን ይቀዘቅዛል?

ሮቤ ያስተማርኩት፣ አሁን አረብ አገር በትልቅ ሕንፃ ጥገና ላይ የሚሠራ ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ቺለር ራሱ ብርድ ያመርታል። ታዲያ ዘይቱን ማቀዝቀዝ ለምን አስፈለገ?» እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ግን መልሱ ታሪክ አለውና ልሞክር።

ድሮ ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች በፒስተን ነበር የሚሠሩት፤ ብዙዎቹም በአሞኒያ። ግዙፍ ናቸው፣ አሞኒያው ካፈተለከ ይመርዛል፣ ዘይቱም ከጋዙ ጋር እየተቀላቀለ በቧንቧው ይዞራል። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሴንትሪፉጋል ማሽን ፒስተኑን ጥሎ ጋዙን ክንፍ ባለው ተሽከርካሪ ጎማ ጨመቀው። በ1924 ዲትሮይት ያለው የጄ.ኤል. ሃድሰን መደብር ሦስቱን አስገባ።

ፍጥነቱ ግን ዕዳ አመጣ። ዘንጉ በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር ይሽከረከራል፤ ኩሽኔታው ላይ ተንሳፎ የሚይዘው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሰበቃው ዘይቱን ያሞቀዋል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በጣም ከቀጠነ ብረት ከብረት ይነካካል። ያኔ ኩሽኔታው አለቀለት። ጎባ ላይ ጠዋት የረጋው የፓልም ዘይት ደሎ መና ሲወርድ እንደ ውኃ ይፈስ የለ? በግምት እንደዚያ አስቡት።

በቀድሞዎቹ ማሽኖች ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ነበር። ዘዴው በውኃ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ዛሬም የተለመደ ነው፤ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ አዳባ አካባቢ ያለውን መልካ ዋከናን አስቡ። ውኃ ግን ቆሻሻና ዝገት ያስከትላል፤ ቧንቧው ከተቀደደ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ወደ ማሽኑ የራሱ ጋዝ ዞሩ። ከኮንደንሰሩ ትንሽ ፈሳሽ ጋዝ ይቀነሳል፣ በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ይተናል፣ ሙቀቱን ይዞ ወደ ኢቫፖሬተር ይመለሳል። ገበሬ ከስንዴው ለዘር እንደሚያስቀረው ማለት ነው።

ጉዱ ገና ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ዘይቱ በማሞቂያ ይሞቃል! ከቀዘቀዘ ጋዙ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ማሽኑ ሲነሳ ግፊቱ ይወርድና ዘይቱ አረፋ በአረፋ ይሆናል፤ ፓምፑ አረፋ ይስባል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል። ስለዚህ ልጄ፣ ለመብራት ቁጠባ ብለህ ማሞቂያውን እንዳታጠፋ።

ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ዘንጉን በማግኔት አንሳፈው ያለ ዘይት የሚሠሩም መጥተዋል። አንተ ጋ ያለው ዘይት እስካለው ድረስ ግን ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚገቡትን ቧንቧዎች ተከታተልና ውኃ ይሁን ጋዝ ጻፍልኝ።