ዋን ኦክሎክ ላብ ባንድ

በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በዴንተን ከተማ ባለው በሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ የተማሪዎች የጃዝ ኦርኬስትራ ነው። ይህ የትምህርት ተቋም ጃዝን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ ሙዚቃው በሊቃውንቱ ዘንድ ገና ክብር ስላልነበረው ትምህርቱ «የዳንስ ባንድ» ተብሎ ተመዘገበ። ኦርኬስትራው የተሰየመው በልምምዱ ሰዓት ነው፤ «ዋን ኦክሎክ» ማለት «አንድ ሰዓት» ሲሆን፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው።

በልምምድ ጊዜ ሳክስፎኖች ከፊት፣ ትሮምቦኖች ከኋላቸው፣ ትራምፔቶች ከሁሉ በስተኋላ ሆነው፣ የመጀመሪያው ትራምፔት ነፊ፣ እንደ መሪጌታ፣ እያንዳንዱ ድምፅ እስከ ምን እንደሚረዝምና የት ላይ እንደሚቆረጥ ሲወስን፣ የቀሩት ትንፋሻቸውን ከእርሱ ትንፋሽ ጋር ያስማማሉ። በወረቀት ላይ እኩል ሆነው የተጻፉ ሁለት ኖታዎች ሲነፉ ግን ፊተኛው ረዝሞ ኋለኛው ያጥራል፤ መጠኑም በጽሕፈት ስለማይወሰን ደቀ መዝሙሩ በጆሮው ይቀስመዋል፣ የልምምዱም ድካም አብዛኛው በዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በትርኢት ላይ ደግሞ ለብቻው የሚጫወተው ሙዚቀኛ ተነሥቶ ያልተጻፈውን ዜማ በቅጽበት ይደርሳል።

ሊዮን ብሪደን ኦርኬስትራውን እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1981 መራው፤ የጃዝ ኦርኬስትራ መሪው ስታን ኬንተንም የሙዚቃ ኖታዎቹን ስብስብ ለዩኒቨርሲቲው አወረሰ። «ላብ 75!» የተሰኘው የኦርኬስትራው ሸክላ ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል።