ፀረ አረም ኬሚካልና የንብ ቀሰም በደቡብ ጎንደር

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባሉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ክረምቱ የአረም ወቅት ነው። ብዙ ሰው ለቀናት የሚደክምበትን የአረም ሥራ አንድ ሰው በጀርባው በሚያዝለው መርጫ በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው፣ የፀረ አረም ኬሚካል ተጠቃሚው አርሶ አደር ብዙ ነው። ሆኖም ለሰብሉ አረም የሆነው ተክል ለንብ ቀሰም፣ ለከብት መኖ፣ ለወፍም ምግብ ሊሆን ይችላል።

በስንዴ፣ በገብስና በጤፍ ማሳ ላይ በስፋት የሚረጨው ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት ለይቶ ያጠፋል፤ የሣር ዝርያዎችን ግን እምብዛም አይጎዳም። የተክሉን የእድገት ሥርዓት በማዛባት ያደርቀዋል። ግላይፎሴት ደግሞ ሣሩንም ሰፊ ቅጠል ያለውንም ሳይለይ ያደርቃል።

አደይ አበባ፣ መጭና ማገጥ ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዕፅዋት ይመደባሉ። አደይና መጭ ክረምቱ ሲወጣ አብበው ንቦች ማር የሚሠሩበትን ቀሰም ይሰጣሉ። ማገጥ በግጦሽ መሬት ላይ ከሣር ጋር የሚበቅል፣ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው። ርጭቱ በነፋስ ተወስዶ ወሰንና ግጦሽ ላይ ካረፈ፣ ንቡ በቀጥታ ባይመረዝ እንኳ ቀሰም ያጣል፤ የማር ምርትም ይቀንሳል።

ጉዳቱ ለወፎችም ይተርፋል። በእንግሊዝ አገር የቆቅ ዝርያ ቁጥር ለመመናመኑ አንዱ ምክንያት ፀረ አረም መሆኑን ጥናቶች አረጋግጠዋል። አረሙ ሲጠፋ ጫጩቶቹ የሚመገቧቸው ነፍሳት አብረው ጠፍተዋል። የማሳው ዳር ሳይረጭ በተተወበት ቦታ ግን በሕይወት የሚተርፉት ጫጩቶች ጨምረዋል።

ይህ ዘዴ ለደቡብ ጎንደር አርሶ አደርም የሚጠቅም ነው። የማሳውን ጠርዝና ወሰኑን ሳይረጩ በእጅ ማረም፣ አረሙ ሳያብብ መርጨት፣ ነፋስ በሌለበትና ንብ ወደ ቀፎው በተመለሰበት ሰዓት መሥራት፣ ንብ አናቢ ጎረቤትንም አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የተረጨ አረም ለከብት አይሰጥም። መርጫን በወንዝ ማጠብም አይገባም፤ ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ፎገራን አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉና።

ኬሚካሉን በሕግ ከተመዘገቡት መካከል መምረጥና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን መጠበቅም የአርሶ አደሩ ድርሻ ነው።