የብራናው ኅዳግ ምስክርነት

ላሊበላን የሚያውቅ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያውቀው ዓለቱን ነው። ከዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመስፈራቸው ከብዙ ዘመን በፊት የላስታን ስም ከባሕር ማዶ አድርሰውታል። ይሁን እንጂ ዓለት ብዙ አይናገርም። መሬቱ የማን ነበር? የሥልጣኑ ወሰንስ እስከ የት ይደርስ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የምንሻው ከብራና ነው። የብራናው ቃል ተገልብጦና ታትሞ እጃችን ከገባ በኋላስ ዋናው ጽሑፍ ምን ያደርግልናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው።

ስለ ንጉሥ ላሊበላ በሰፊው የሚተርከው ገድሉ ነው። ገድሉ ግን የተደረሰው ንጉሡ ካለፈ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ደራሲው ቅዱሱን ሊያመሰግን ተነሥቷልና ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ትውፊት በእምነት አሰፈረ። ይህም የገድል ጠባይ ስለሆነ ነውር የለበትም። የዚያ ዘመን አስተዳደር ቃል የሚገኘው ከሌላ ስፍራ፣ ይኸውም ከወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ነው። አባቶቻችን የመሬት ስጦታን፣ የርስትንና የጉልትን ውል የሚመዘግቡት በወንጌሉ ውስጥ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረን ቃል የሚደፍር አይኖርም ሲሉ፣ ውሉን የሚያፈርሰውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን በግዘት አስረውበታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ወንጌለ ወርቅ» ብለው ጠሩት። ወንጌሉ በዚህ ረገድ የአገሩ ቤተ መዛግብት ነበር ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ አንዱ ከላስታ እጅግ ርቆ፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የተጠበቀው ወንጌል ነው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተማቸው የዚህ ወንጌል ሰነዶች፣ ንጉሥ ላሊበላ ለገዳሙ የሰጠውንና በ1225 (እ.ኤ.አ.) የተቆጠረውን የመሬት ስጦታ ይዘዋል። ከላስታ ተራሮች የወጣ ትእዛዝ በሽመዛና መሬት ያከፋፍል እንደነበር ዓለቱ አልነገረንም፤ የነገረን ብራናው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ቃሉ ከታተመ ዘንድ ብራናው ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። መልሱ ያለው ከመሬቱ ጠብ ላይ ነው። መሬት የሚያጣላ ሀብት ስለሆነ የመሬት ሰነድ ለሐሰት የተጋለጠ ነው። በአሮጌ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ ቃል አስገብቶ የጥንት ንጉሥ ስጦታ ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛው የጥንት ቃልም በኋላ ዘመን እጅ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። ማተሚያ ቤት ግን ሁሉንም በአንድ ፊደል ያስተካክላቸዋል። የፊደሉን አጣጣል፣ የቀለሙን መልክ፣ የተፋቀውን ስምና በላዩ የተተካውን፣ ተቆርጦ የወጣውን ቅጠል የሚያሳየው ዋናው ብራና ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ የምናከብረው ስላረጀ አይደለም፤ ለመመርመር ስለሚመች ነው። ቅጂው የተባለውን ሲነግረን ዋናው ግን ማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንዳለው እንድንጠይቅ ያስችለናል።

ይህን ከማንም አስቀድመው ያወቁት ባለቤቶቹ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር እዚያው ወሎ ውስጥ መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጫኑ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ከመካከላቸው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ክብረ ነገሥት በአገሩ የጠፋ ድርሰት አልነበረም። ንጉሡ በደብዳቤያቸው እንደገለጹት ግን ያ መጽሐፍ የአገሩን ሕግ፣ የሹማምንቱን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንና የአውራጃዎቹን ስም የያዘ ስለነበረ፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን አይቀበልም። የተፈለገው እንግዲህ ተረኩ ብቻ አልነበረም፤ ሥልጣንን የሚያጸድቀው ያ ጥራዝ ራሱ ነበር። ሙዚየሙ በእጁ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መለሰ፤ የመመለሱም ማስታወሻ በመጽሐፉ ላይ ተጻፈበት። ብራናው በራሱ ላይ የደረሰውን ታሪክ እንኳ ሳይቀር መዘገበ።

ሌሎቹ አልተመለሱም። ፈረንሳዊው ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 ገድለ ላሊበላን ሲያሳትም የተጠቀመው በዚያው ሙዚየም በነበረ ብራና ነው። የላስታ ልጅ የንጉሡን ገድል በጥንታዊ ቅጂው ሊመረምር ቢነሣ መንገዱ ወደ ሎንዶን ይወስደዋል ማለት ነው።

ቅጂን መናቅ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን አንሥቷል። ብራናው ቢቃጠል ቃሉ አይጠፋም፤ ተመራማሪም ገዳም ለገዳም ሳይዞር ያነባል። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የሆነው ፊልም ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ ለመለየት ያስቸግራል፤ የተፋቀውንም ስፍራ በሚገባ አያሳይም። ፊልም አለ ብሎ ብራናውን መዘንጋት፣ የምስክሩ ቃል ተጽፏልና ምስክሩ ከእንግዲህ አይጠየቅ እንደ ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ዓለም ለዓለቱ ተጨነቀ። መጨነቁ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ዓለት አይሸከሙትም፤ ብራና ግን በአንድ ሰው ብብት ሥር ተይዞ ይወጣል። ስለሆነም በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለው መጽሐፍ ሁሉ መቆጠር፣ የኅዳጉ ጽሕፈት መመዝገብና መነሣት፣ ብራናውም ከእርጥበት፣ ከአይጥና ከነጋዴ መጠበቅ አለበት። ለዘመናት የጠበቁት ካህናትና ደብተራዎችም የሥራው ባለቤቶች ይሁኑ። መምህሩ ለተማሪዎቹ የንጉሡን ዝና ብቻ አያስተምር፤ ይህ ቃል በማን እጅ ተጻፈ ብሎ መጠየቅንም ያልምዳቸው። የታሪክ ተውኔት የሚጽፍ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ኅዳጉን ቢያነብ፣ በገድሉ ውስጥ የማያገኘውን ሰው፣ መሬቱ የተሰጠበትን ገበሬ፣ በዚያ ያገኘዋል።