የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሐይቅ ዳር ዕፅዋትን ስም የሚያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን የሚቆርጣቸው፣ የሚያስራቸው፣ የሚጎዘጉዛቸው ሰው ነው። ለማይጠቀምባቸው ሰው ሁሉም ያው ሣር ነው። ከተማ ያደግን ብዙዎቻችን ጣና ዳር ብንቆም ደንገሉንም፣ ፊላውንም፣ ቄጠማውንም ጠቅልለን «ሸንበቆ» ብለን እንገላገላለን። ምን ችግር አለው? ይባል ይሆናል። ጣና ባለፉት ዓመታት የደረሰበትን ያየ ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

እስቲ ከነባሮቹ እንጀምር። ደንገል ፈረንጆች ፓፒረስ የሚሉት ነው። ዘንጉ ቅጠል የለውም። ሲቆርጡት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳና አየር የቋጠረ ነው። ታንኳ የሚሆነውም በዚሁ አየር ምክንያት ነው። አናቱ ላይ እንደ ተበተነ ጸጉር የሚዘናፈል ጉንጉን አለው፤ ቁመቱም ከሰው ይበልጣል። ቄጠማ የደንገል የሥጋ ዘመድ ነው። በየበዓሉ ቤታችን የምንጎዘጉዘውን ዘንግ በጣታችን መሐል ብናንከባልለው ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ጠርዝ መቁጠር እንችላለን። ፊላ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረዥምና ዝርግ ሲሆን አናቱ ላይ ቡናማ፣ ድፍን ዱላ የመሰለ ነገር ይሸከማል። ሸንበቆ ክብ፣ ባለ አንጓና ውስጡ ክፍት ነው። አራቱን ለመለየት ዓይንና ጣት ይበቃል፤ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ከእነዚህ መካከል የዓለም ታሪክ ውስጥ የገባው ደንገል ነው። የጥንት ግብፆች የጻፉበት እሱ ነው፤ ጀልባም ሠርተውበታል። ከዘመን ብዛት ግን ከግብፅ ምድር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህንኑ ተክል እኛ ዘንድ በሕይወት አግኝቶታል። ከ20 ዓመት በኋላ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍም ከገለጻቸው ዕፅዋት አንዱ አድርጎታል። ለሥዕሉ ሥራ አብሮት የመጣው ጣሊያናዊው ባሉጋኒ ግን አገሩን ዳግም ሳያይ ጎንደር ላይ ሞቷል።

ይህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ላሳይ ብሎ ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ መንገድ ላይ ተፈታች። በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ ሁለት» ግን ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። የእኛ «ሣር» አሜሪካ ደጃፍ ድረስ ሄዷል ማለት ነው!

ለመሆኑ ደንገልን ከማንም በላይ የሚያውቀው ማን ነበር? ብሩስም ሄየርዳልም አይደሉም። ታንኳ ማሰርን የኑሮ ሙያው ያደረገው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። የትኛው ደንገል ለታንኳ እንደ ደረሰ፣ የትኛው ገና ለጋ እንደሆነ፣ ታንኳውም መቼ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ጉማሬ ይበላል ተብሎ ሲናቅና ሲገለል ኖሯል፤ የቀድሞ ቋንቋውም ጠፍቷል። ቋንቋ ሲሞት ደግሞ የሣሩም የዓሣውም ስም አብሮ ይሞታል። የተናቀን ሰው ዕውቀት የሚጠይቅ የለማ!

ደንገሉም እንደ ባለሙያው ተገፋ። በ1988 ዓ.ም. የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ከፍታ ከዝናቡ ይልቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ፍላጎትን መከተል ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ውኃው ክፉኛ ወርዶ ጀልባዎች ሥራ ፈቱ፤ ውኃ የሸሸበት መሬትም ታረሰ። ዳርቻው ላይ ቆሞ ደለል ያጣራ የነበረው ደንገል ቦታውን እየለቀቀ ሄደ።

ከዚያ ነው እንግዳው የመጣው፤ እምቦጭ። የትውልድ አገሩ የአማዞን አካባቢ ነው። ዓለምን የዞረው በአበባው ነው፤ ሐምራዊ፣ ላይኛው ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለው፣ ዓይን የሚማርክ አበባ ስላለው የአትክልት ቦታ ጌጥ እየተባለ ከአገር አገር ተወሰደ። የሚለየውም እንዲህ ነው፦ የቅጠሉ አንገት እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሥሩ እንደ ላባ የተንዠረገገ ጥቁር፣ መሬት ሳይነካ የሚንሳፈፍ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እምቦጭ አገራችን ውስጥ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 46 ዓመት ያህል አለ! ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሥዕል አሳትሞ በየሐይቁ ዳር፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየዓሣ አስጋሪው ቤት «ይህን ያያችሁ ንቀሉ» ለማለት ምን ያህል ወጪ ይጠይቅ ነበር? በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ሲታወቅ ግን በወራት ውስጥ የሸፈነው ስፋት በሺዎች ሄክታር ይነገር ጀመር። ገበሬው አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽን መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም አገር አቀፍ ዘመቻ ታወጀ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተክሎች አንድ የሚያውቅ ሰው አይቷቸው ቢሆን ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነበሩ።

አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የእምቦጭ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰርዶው መጣ፣ በሬው አማዞን ቀረ። እዚያ የሚበሉት ነፍሳት አሉ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንዚዛዎቹን አምጥተው ለቀውበታል። እኛ ዘንድ ግን እንግዳን ከቤተኛ የሚለይ ዓይን ከማንኛውም በሬ መቅደም ነበረበት።

ያ ዓይን ደግሞ ዛሬም ሞልቷል። ታንኳ አሳሪው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ከብት ጠባቂው ልጅ ሐይቁን በየቀኑ ያየዋል። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ የደንገሉን፣ የፊላውን፣ የቄጠማውን ስም መጻፍና ስም የሌለው ነገር ሲያዩ ለማን እንደሚናገሩ መንገር፣ ለሌሎቹ ሐይቆቻችን ገና አልረፈደም። ሀዋሳም፣ ሃይቅም፣ አባያም የየራሳቸው ዳርቻ አላቸው። ነገ አዲስ አረንጓዴ ነገር ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ የሚያየው ልጅ «ሣር ነው» ብሎ ካለፈ ጥፋቱ የልጁ አይሆንም።