ቃሉን ከጎረቤቱ ጠይቀው



ባለፈው ሰሞን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ታሪክ ሲሆን ከውስጡ አምስት ቃላት ተሰምሮባቸዋል። ትእዛዙ «መዝገበ ቃላት ሳትገልጡ፣ ከፊትና ከኋላ ያለውን አንብባችሁ የቃሉን ፍች ጻፉ፤ ፍቹን የጠቆማችሁንም ቃል አመልክቱ» ይላል። እኔም እንደ ልማዴ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው ላወርድ ብድግ ስል «አባዬ፣ አይፈቀድም!» ብላ እጄን ያዘችኝ። በልቤ «ደግሞ ግምትም ትምህርት ሆነ?» አልኩ። ኋላ ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ግን ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም አባቶቻችን ለዘመናት የኖሩበት መሆኑ ታየኝ።

መጀመሪያ ፊደላችንን እንመልከት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «በሬው ይበላል» የሚል ጽሑፍ ብናገኝ፣ በሬው በይ ይሁን ተበይ ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። «በሬው ሣር ይበላል» ሲል አላልተን፣ «በሬው ለፋሲካ ይበላል» ሲል ደግሞ አጥብቀን እናነባለን። ማን ነገረን? ጎረቤቶቹ ቃላት ናቸው። «ገና»ም «ዋና»ም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ አማርኛ ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ፣ ሳይታወቀው፣ ቃልን ከአገባቡ መረዳት ተምሯል ማለት ነው።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ደግሞ ነገሩን በሥርዐት ይዞታል። ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል። ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ ያነባል እንጂ የሚያነበው ግእዝ ትርጕሙ ገና አልተገለጠለትም። ብዙዎችም እዚያው ላይ ይቀራሉ። ትርጕሙ የሚመጣው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። በመምህሩ ዘንድ በብራና የተጻፈ ሰዋስው ሊኖር ይችላል፤ በተማሪው አኮፋዳ ውስጥ ግን ያለው ቁራሽ እንጀራ ነው። ግሡን ከመምህሩና ከቀደሙት ተማሪዎች አፍ እየሰማ በቃሉ ያጠናል። ቅኔ ሲነገር አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም ሊሆን ስለሚችል፣ ጆሮውን ከቃሉ ግራና ቀኝ ላይ ይጥላል።

ወደ መጻሕፍት ቤት ሲያልፍ ደግሞ መምህሩ ንባቡን ተርጉመው «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍች ያክሉበታል፤ ቃሉ ለማንና በምን ምክንያት እንደተነገረም ታሪኩን ያወሱለታል። «አንድም» ማለት ግን ያሻህን በል ማለት አይደለም። የተማሪው ፍች ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታያል፤ ካልሰመረ ይታረማል።

በአውሮፓ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ዲልማን በ19ኛው መቶ ዘመን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። ነገር ግን በላቲን የተፈታ መጽሐፍ ለቅኔ ተማሪው ምን ይረባዋል? የእኛው ሥራ ከእኛው ትምህርት ቤት እስኪወጣ ረዥም ጊዜ ወስዷል። የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ ውጥኑን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ። አለቃ ብዙ ዓመታት ከአገራቸው ርቀው በኢየሩሳሌም ኖረዋል። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉም መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። የአለቃ ኪዳነ ወልድን መጽሐፍ የገለጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ አለቃ ቃሉን ፈትተው ብቻ አይተዉትም፤ ቃሉ የገባበትን ንባብ ከመጻሕፍት እየጠቀሱ ያሳያሉ። ከጎረቤቶቹ አይነጥሉትም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያደግነው ግን ሌላ ልማድ ያዝን። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር። ከእያንዳንዱ ከባድ ቃል በላይ አማርኛውን በእርሳስ እንጽፋለን። ገጹ ሲያልቅ ቃላቱን ሁሉ አውቀን ነገሩ ጠፍቶብን እንገኛለን። ይህንኑ ልማድ ተሸክመን ተሰደድን፤ ዛሬ ደግሞ በልጆቻችን አማርኛ ላይ እንጭነዋለን። ልጁ አንድ ቃል ባላወቀ ቁጥር ወዲያው በእንግሊዝኛ እንነግረዋለን። እሱም አማርኛውን ትቶ እንግሊዝኛውን ይይዛል።

እስቲ እንዲህ እናድርግ። «ምጣዱ ሲግል በማሰሻ አሰሰችውና ሊጡን አፈሰሰችበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ለልጅዎ ያንብቡለት። ማሰሻን አያውቅም፤ ምጣድንና ሊጥን ግን ያውቃል። «ዘይት ነው?» ሊል ይችላል። መልሱን አይንገሩት። «ስትጨርስም ማሰሻውን አጥባ አሰጣችው» ብለው ይቀጥሉለት። ዘይት ታጥቦ እንደማይሰጣ ልጁ ራሱ ያውቃልና «ጨርቅ ነው!» ብሎ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ያገኘውን ቃል ቶሎ አይረሳውም። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ጨርሰው የማይገልጡት ቃል ሲገጥመው ያን ጊዜ መዝገበ ቃላቱን አብራችሁ ግለጡ፤ ግምት ያለ ማረሚያ ወደ ስሕተት ይወስዳልና።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ልጆቻችን አማርኛ ሞክረው ሲሳሳቱ እንግዳ ፊት ሳይቀር እንስቃለን፤ «እስቲ ድገመው!» እያልን መጫወቻ እናደርጋቸዋለን። የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይገምትም፤ የማይገምት ልጅ ደግሞ ቋንቋውን ይተዋል። ሊቃውንቱ ለተማሪያቸው «አንድም» የሚባልበትን በር ከፍተውለት ነበር። እኛም ለልጆቻችን አንዝጋባቸው። ሲስቱ «እስቲ አንድም በል» እንበላቸው።