መዓዛማ ዘይቶች ለሰውነትና ለአእምሮ፦ ጥቅማቸው፣ ወሰናቸውና ጥንቃቄያቸው

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ይሁን በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶ ወይም በሚኤሶ እጣን የማይሸትበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቡና ሲፈላ፣ ሙሽራ ስትዘጋጅ፣ በርጫ ሲቀመጥ ይጨሳል። ለጁሙዓ የሚወጣው ሰው ከትንሿ ጠርሙስ ዐጥር ይቀባል። ጉንፋን የያዘው በባህር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል፤ ሆዱን የቆረጠው ጤና አዳም ይፈልጋል። የእነዚህ ሁሉ ሽታ የሚመጣው በተክሉ ውስጥ ካለው መዓዛማ ዘይት ነው። ዛሬ ይህ ዘይት በሰውነታችንና በአእምሯችን ላይ ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ እናያለን።

መዓዛማ ዘይት ምንድን ነው?

በተለምዶ ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ፣ ከእንጨት ወይም ከሙጫ የሚወጣ፣ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ተክሉ ውስጥ እንፋሎት በማሳለፍና እንፋሎቱን መልሶ በማቀዝቀዝ ነው። ይህ ጥበብ በሙስሊሙ ዓለም ረጅም ታሪክ አለው፤ አል-ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሽቶ አሠራርና ስለ ማንጠር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በአገራችን ደግሞ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል።

ከምግብ ዘይት ጋር ግን መምታታት የለበትም። አንድ ጠብታ የባህር ዛፍ ዘይት ወረቀት ላይ ቢያርፍ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተንኖ ይጠፋል፤ የወይራ ዘይት ግን ቅባቱን ትቶ ይቀራል። መዓዛማ ዘይት እጅግ የተከማቸ ነው። ጥቂት ጠብታ ለማግኘት ብዙ ቅጠል ያስፈልጋልና ቅጠሉን ማሽተትና ዘይቱን መጠጣት ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ወደ አእምሮ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ያሉትን የማሽተት ነርቮች ሲነካ መልእክቱ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች በአቋራጭ ይደርሳል። የእናት ቤት ቡናና እጣን ከዓመታት በኋላ ሲሸተን ልባችን የሚረጋው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመረጋጋቱ ስሜት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ የሚመጣው ከሽታው ጋር ካያያዝነው ትዝታ ነው።

ጥናቶችም አሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ከእጣን ሙጫ ተለይቶ የወጣ ኢንሴንሶል አሴቴት የተባለ ንጥረ ነገር የአይጦችን ጭንቀት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን በአይጥ ላይ የታየ ነው፤ የተሞከረውም ጭሱ ሳይሆን ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር ነው። በሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ በካፕሱል የተዘጋጀ የላቬንደር ዘይት ቀለል ያለ ጭንቀትን ሲያቃልል ታይቷል። ለከባድ ድባቴ ወይም ለአእምሮ ሕመም ግን ሽታ ሕክምናን አይተካም።

በሰውነት ላይስ?

የባህር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል፤ የታፈነ አፍንጫ የተከፈተ ያህል ቀለል እንዲለን ያደርጋል። በጦስኝ ውስጥ ያለው ታይሞል ጀርሞችን የመግደል ኃይል አለው። በልዩ ካፕሱል የተዘጋጀ የፔፐርሚንት ዘይት የአንጀት ቁርጠትን ያስታግሳል። እነዚህ ማስታገሻዎች ናቸው፤ የሳንባ ምችን፣ ወባን ወይም ቲቢን አያድኑም።

ጥቁር አዝሙድስ?

ጥቁር አዝሙድ (ሐበቱ ሰውዳእ) ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለበት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንደ አል-ኸጧቢ ያሉ ዑለማዎች ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የሚመለከተው የተወሰኑ ሕመሞችን ነው ብለው አብራርተዋል። እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ማዘዛቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ገበያ ላይ የሚሸጠው የጥቁር አዝሙድ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ የወጣ የቅባት ዘይት ሲሆን፣ ታይሞኪኖን የተባለውን መዓዛማ ንጥረ ነገር ይዟል። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምረው። መድኃኒቱን አቁሞ በእርሱ መተካት ደግሞ ሕይወትን ያሳጣል።

ጭስ ዘይት አይደለም

እጣን ሲቃጠል መዓዛው ብቻ ሳይሆን ጥቃቅን የጭስ ብናኝም ወደ ሳንባ ይገባል፤ ይህ አስም ያለበትን ሰውና ሕፃናትን ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ከሰሉ ነው። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን ሳያስታውቅ ይገድላል። በርጫ ላይም ሆነ አራስ ቤት መስኮት ይከፈት፤ ከሰል አጠገብ አይተኛ።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

1. መዓዛማ ዘይት አይጠጣ። ትንሽ የባህር ዛፍ ወይም የካምፎር ዘይት የዋጠ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል።
2. ቆዳ ላይ በቀጥታ አይቀባ። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ውስጥ ከ3 እስከ 6 ጠብታ ይበቃል። አስቀድሞ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይሻላል።
3. ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ካምፎር ወይም ሜንቶል ያለበት ነገር አፍንጫቸው አካባቢ አይቀባ፤ ትንፋሻቸውን ሊያውክ ይችላል።
4. ነፍሰ ጡር እናቶች የጤና አዳም ዘይትን ይራቁ፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። የከርቤ ዘይትም ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድ።
5. ልጆችን የፈላ ውሃ ላይ ደፍቶ ማጠን ለቃጠሎ ይዳርጋል።
6. ጠርሙሱ ተከድኖ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ልጅ ዘይት ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠርሙሱን ማየት ሐኪሙ የጠጣውን ነገር ፈጥኖ እንዲያውቅ ይረዳዋል።

መልካም ሽታ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወደዱት ነገር ነው፤ ቤታችንም ልብሳችንም ይሽተት። ለሕመማችን ግን ሐኪም እንጠይቅ። አላህ ሙሉ ጤና ይስጠን። ወላሁ አዕለም።