ከከበባው በኋላ፦ የሊ ዶንግዩዋን የጣፊያና የጨጓራ ሕክምና

በ1232 እ.ኤ.አ. የሞንጎል ሠራዊት የጂን ሥርወ መንግሥት መዲና የነበረችውን ካይፈንግን ከበበ። ሞት የበረታው ግን ከበባው ከተነሣ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ሊ ዶንግዩዋን በ12ቱ የከተማይቱ በሮች ሦስት ወር ያህል በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ በር ከ1,000 የማያንስ አስከሬን ይወጣ እንደነበር ጽፏል፤ ቁጥሩ ሳይጋነን አልቀረም።

ባልንጀሮቹ ሐኪሞች ሕመሙን ከውጭ የገባ ብርድ ነው ብለው የሚያልብና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ሊ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በረሃብ፣ በድካምና በፍርሃት የከሳ ሰው ድንገት ሲጠግብ የሚታመመው «ጣፊያው»ና ጨጓራው ስለተጎዱ ነው፤ ማስቀመጥ የቀረውን ኃይል መጨረስ ነው አለ። በቻይና ሕክምና «ጣፊያ» የሚባለው በአናቶሚ የሚታወቀው አካል ብቻ ሳይሆን ምግብን ወደ «ቺ»፣ ማለትም ወደ ሕይወት ኃይል፣ የሚለውጠው ሥርዓት ነው።

ለዚህ ያዘጋጀው «ቡ ዦንግ ዪ ቺ ታንግ» አስትራጋለስን፣ ጂንሰንግን፣ ሊኮሪስንና የመንደሪን ልጣጭን ጨምሮ ስምንት ዕፀዋት አሉት። በቻይና ሕክምና ከቺ መድከም ለሚመጣ ሥር የሰደደ ተቅማጥ ዛሬም ይታዘዛል።

የካይፈንግ ሞት መንስኤ ዛሬም ያከራክራል፤ ቸነፈር ነው የሚሉ የታሪክ ምሁራን አሉ። ሆኖም የተራበ ሰው በድንገት ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ሊሞት እንደሚችል ዘመናዊ ሕክምና ያውቃል። የሊ ትዝብት ከዚህ የራቀ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ ሊኮሪስ ሲበዛ ፖታሲየምን ያጎድላል፤ ተቅማጥ የቆየበት በሽተኛ ደግሞ አስቀድሞ የሚያጣው ይህንኑ ነው።